«ድሮ ጦሳ ጫካ ነበር»፦ ስለ ተፈጥሮ የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

ደሴ ውስጥ ቡና ላይ የተጀመረ ወሬ ዞሮ ዞሮ ድሮ ላይ ያርፋል። ከከተማው በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ድሮ ጫካ ነበር ይባላል። የድሮ ሰው ከተፈጥሮ ጋር ተዋዶ ይኖር ነበር፤ እኛ ግን ተቆራረጥን ይባላል። ግማሹ ልክ ነው። የቀረውን እንፈትሸው።

«አያቶቻችን ዛፍ አይነኩም ነበር»

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን ሐይቅ ብንጠይቀው ሌላ ነገር ይነግረናል። በሐይቁ ሥር የተከማቸው ደለል በየዘመኑ የበቀለውን ዕፅዋት የአበባ ብናኝ ሳያበላሽ ይዟል። ተመራማሪዎች የዚህንና የጎረቤቱን የአርዲቦ ሐይቅ ደለል አውጥተው ብናኙን መረመሩ። ከዛሬ 2500 ዓመት ገደማ በፊት ዝግባና ጽድ ይመናመናሉ። ቦታውን ክትክታና ሣር ይወርሱታል። ክትክታን የማያውቅ ካለ፣ በየተረተሩ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ሲነኩት እጅ ላይ የሚያጣብቀው ቁጥቋጦ ነው። ከብትም እምብዛም አይቀምሰውም። ለዚህም ነው ሌላው ሁሉ አልቆ እሱ የሚተርፈው።

ደኑን የመነጠረው ሰው ነው። የሚገርመው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽድና ወይራ ተመልሰው ደን ሆኑ። በኋላ እንደገና ተመነጠሩ።

እግረ መንገዴን፦ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለው በየስብሰባው የሚጠቀስ ቁጥርም እንዲሁ በጥርጣሬ ቢታይ ደግ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ተከታትለውት ማስረጃው ስስ መሆኑን ጽፈዋል።

«አረንጓዴ ከሆነ ተፈጥሮ ነው»

በደሴ ዙሪያ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን ብዙው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። ልርገመው ግን አልልም። ማገዶውስ፣ የቤቱ ማገርስ ከየት ይመጣ ነበር?

«ከተሜ ከተፈጥሮ ጋር ምን አገናኘው?»

ይሄ እንኳን አያስኬድም። ኮንዶሚኒየም ውስጥም ቢሆን ለቡናው ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ የወተቱ ዕቃ በወይራ ይታጠናል። በልግ ሲቀር የገበያው ዋጋ ወዲያው ይነግረናል። የተቋረጠው ጥገኝነታችን አይደለም፤ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ማየት ትተናል። ደሴ ላይ ቦርከና ወንዝ ውስጥ የተጣለ ፌስታል አልጠፋም። ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከሚሴን ያልፋል፣ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር ያለ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ስለዚህ የጣልነውን ባሕር ወስዶ አያርቅልንም።

«ተፈጥሮ ለሽርሽር ነው»

ሮጀር ኡልሪች የተባሉ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች አነጻጸሩ። መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳያቸው፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያሳያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ። ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ስለሆነ ብዙ አላጋንነውም።

የልጆች ዓይን ነገር ግን በደንብ ተፈትሿል። ደጅ ብዙ የሚቆይ ልጅ የሩቁን ማየት የሚያስቸግረው የዓይን ችግር የመያዙ ዕድል ይቀንሳል። የቀን ብርሃን ከቤት አምፖል እጅግ የበረታ ነው፤ ጥቅሙም ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። ሁሉን በስልክ እናሳብባለን እንጂ፣ «ቁጭ ብለህ አጥና» ተብሎ ሳሎን የዋለ ልጅም ያንን ብርሃን አላገኘም። የደሴ ብርድ ያሰጋል ከተባለ አብሽሩ፣ ረፋድ ላይ ጃኬት ደርቦ ኳሱን ይዞ ይውጣ።