አዲስ ሞተር በድሮ አውቶማቲክ ካምቢዮ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ

ሞተር መቀየር በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች ብርቅ አይደለም። ሞተሩ ዘይት መብላት የጀመረ መኪና ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ አይጣልም፤ ሌላ ሞተር ይፈለግለታል። አብዛኛውን ጊዜ ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ ወጥተው አንድ ላይ ይገባሉ። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። አንዳንዱ ባለቤት ግን የድሮውን አውቶማቲክ ካምቢዮ አትንኩብኝ ይላል። ወይ ካምቢዮው ገና ደህና ነው፣ ወይ መኪናው እንደ ጥንቱ እንዲቆይለት ይፈልጋል፣ ወይ ብሩ አልበቃውም። እዚህ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል የሚለፋው በፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለውን ማደስ ነው።

የሥራው መፈተኛ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ዳገቱና ጥምዝምዙ የሚታወቅ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበቱ የለም። ኢንጀክሽን ያለው አዲስ ሞተር የአየሩን መሳሳት በሴንሰር ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ካርቡሬተር ያለው ግን ጥቁር ጭስ እየተፋ ይወጣል። ለአዲስ ሞተር የሚጓጉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ወደ ብረቱ እንምጣ። የሁለት ፋብሪካ ሞተርና ካምቢዮ የብሎን ቀዳዳቸው አይገጥምም። ስለዚህ በመሃል የሚገባ ወፍራም ሳህን ይሠራል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች የቶርኖ ባለሙያ አይጠፋባትም። ሳህኑ ላይ ቀዳዳ መብሳት ቀላል ነው። ከባዱ የሞተሩን ዋና ዘንግ (ክራንክሻፍት) መሃልና የካምቢዮውን መሃል አንድ መስመር ላይ ማዋል ነው። የፀጉር ውፍረት ያህል ከሳተ ዘይት ማቆሚያው ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ የፓምፑ ቡሽም ይበላል።

አውቶማቲክ ፍሪሲዮን የለውም። በእሱ ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ አለ። ከሞተሩ ጋር የሚያያዘውም እንደ ማንዋሉ በከባድ ቮላኖ (የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት) ሳይሆን በስስ ሳህን ነው። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) የሚይዘው ጥርስም እዚያው ሳህን ዙሪያ ላይ ነው፤ ሞተሪኖው የየትኛው ሞተር ይሁን የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ካልተፈታ መኪናው ተገጣጥሞ አልነሳም ይላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ኮንቨርተሩ ወደ ካምቢዮው ሲገፋ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። ቁክ ይላል፣ ትንሽ ይሰምጣል፤ እንደገና ቁክ። የመጨረሻዋ ቁክ ጥርሱ የዘይት ፓምፑን ሲይዝ የሚሰማው ድምፅ ነው። እሱ ሳይሰማ ሞተሩን አስጠግቶ ብሎን ማጥበቅ የጀመረ መካኒክ ፓምፑን ገና ሳይነሳ ይሰብረዋል። ሞተሩና ካምቢዮው ፊት ለፊት ገጥመው ኮንቨርተሩ አሁንም በእጅ መዞር አለበት። ወደ ሳህኑ ሲሳብም ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደፊት መምጣት አለበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክፍል ነው። የድሮ አውቶማቲክ ኮምፒውተር የለውም። ሾፌሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደረገጠ የሚያውቀው በገመድ ወይም በቫኪዩም (በአየር መሳብ) በሚሠራ ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የ123 ሞዴል መርሴዲስ አውቶማቲኩ አራት ማርሽ ነው። የኋለኞቹ ገመዱም ቱቦውም አላቸው፤ ገመዱ ማርሹ መቼ እንደሚቀየር፣ ቱቦው ደግሞ በምን ያህል ኃይል እንደሚቀየር ይነግራሉ።

አጎቴ እንዲህ ዓይነት የናፍጣ መርሴዲስ ነበረው። ሞተሩ ሲደክም የቤንዚን ሞተር ገባለት። ጋራዡ ሁሉን አሳምሮ ገጥሞ ገመዱን ግን ማሰሪያ አጣሁለት ብሎ እንዲሁ አንጠልጥሎት ነበር። «አብሽር፣ ያለ እሱም ይሄዳል» አሉት። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ እውነትም ይሄዳል። ሐረጎ ጀመርን። ካምቢዮው ሾፌሩ ነዳጅ አልረገጠም ብሎ ስላሰበ ዳገቱ ላይ አራተኛ አስገባ። ሞተሩ ያቃስታል፤ ከኋላችን አይሱዙ ጡሩንባውን ለቆታል። አጎቴ በእጁ ሁለተኛ ላይ አድርጎ ደሴ አደረሰን።

ሌላ ጋራዥ ከላሜራ ማሰሪያ ሠርቶለት፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ገመዱም እስከ መጨረሻ እንዲሳብ አደረገው። ቱቦው ግን ቀረ። የናፍጣ ሞተር በመግቢያው በኩል ቫኪዩም ስለሌለው ከፓምፕና ከመቆጣጠሪያ ቫልቭ ነበር የሚያገኘው። አሁን ቀጥታ ከቤንዚኑ ሞተር ተሳበለት። ከፍታ ሲጨምር ቫኪዩሙ ይቀንሳል፤ ካምቢዮው ደግሞ ጭነት የበዛ መስሎት ማርሹን በኃይል ይመታል። ለዚህ ነው ደሴ ላይ እያንዳንዱ ቅያሪ ወገብ የሚነቀንቀው። በቫኪዩም መቀበያው ላይ ያለችውን ማስተካከያ ጥቂት በጥቂት አዙረው አለሳለሱት። ካልጠፋ ቦታ ኮምቦልቻ ላይ ማስተካከል ስህተት ነው እላለሁ፤ መኪናው የሚያድርበት ከተማ ላይ ይስተካከል። ቱርቦ ያለው ሞተር ከሆነ ግፊቱ ወደዚያ ቱቦ እንዳይገባ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ይጨመርበታል።

ነዳጁ በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚከፈት ሞተር ለዚህ ሥራ ባይመረጥ ይሻላል፤ የካምቢዮውን ገመድ የሚያስሩበት ቦታ የለውም።

ወረቀቱን አትርሱ። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ሲቀየር ያም መቀየር አለበት፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲገዛ ሕጋዊ ሰነዱን አብሮ መቀበል ነው። በርካሽ ተገኘ ተብሎ ያለ ወረቀት የተገዛ ሞተር ቦሎ ሲደርስ ራስ ምታት ነው።

ዳገት ላይ ኮንቨርተሩ ስለሚንሸራተት የካምቢዮው ዘይት ይሞቃል። የድሮው ራዲያተር ሲወጣ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣውም አብሮ ይወጣልና አዲሱ ያንን ካላካተተ ለብቻው ይታሰርለት። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመም የኋላ ጎማው መሬት እየነካ ረጅም መንገድ አይጎተት፤ ሞተሩ ካልዞረ የካምቢዮው ፓምፕ አይሠራም፣ ዘይትም አይደርሰውም።

ደሴ እንደገቡ ሞተሩን ሳያጠፉ ፒ ላይ አድርገው የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ይምዘዙ። ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ቡኒ ሆኖ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ መኪናውን እዚያው አሳድረው መካኒኩን ይጥሩት።