አውሮፕላኑ ሳያርፍ ተመልሶ ሲነሣ

ክረምት ላይ ኮምቦልቻ ኤርፖርት እንግዳ ልቀበል ቆሜ ነበር። ደመናው ተራሮቹን እስከ ወገባቸው ሸፍኗቸዋል። አውሮፕላኑ ጎማውን ዘርግቶ ከደመናው ሥር ብቅ አለ። ዝቅ እያለ መጣና ድንገት ሞተሩ አጓራ። አፍንጫውን ቀና አድርጎ ተመልሶ ደመናው ውስጥ ገባ። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ምነው ልጄ፣ አቃተው እንዴ?» አሉኝ።

«አብሽሩ እናቴ፣ አውቆ ነው» አልኳቸው።

«ሳያርፍ ከተነሣ አቅቶታል» የሚለው የብዙ ሰው ሐሳብ ነው። ይህ ግን ጎ አራውንድ የሚባል የታሰበበት ሥራ ነው። አብራሪው ገና መውረድ ሳይጀምር፣ ካልሆነ በየት በኩል እንደሚወጣ ከረዳቱ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። እኔን የሚያስፈራኝ ተቃራኒው ነው። ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው የበረራ ደኅንነት ድርጅት እንዳጠናው፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ከሚመጣባቸው 100 አቀራረቦች 3 ወይም 4 ያህሉ ያልተረጋጉ ናቸው፤ ማለትም ፍጥነቱ ወይም ከፍታው ልክ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ ተመልሰው የሚነሡት ከመቶ 3 ብቻ ናቸው። የቀሩት እንደምንም ያርፋሉ። ብዙ ጊዜ ስለሚሳካም ልማድ ይሆናል።

«ጎበዝ አብራሪ መጨረሻ ላይ ያስተካክለዋል።» ጊዜ የለውማ! በደመና ሲመጣ ከኤርፖርቱ 1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሁሉም ነገር ልክ መሆን አለበት፤ ሰማዩ ጥርት ካለ 500 ጫማ ላይ። ፍጥነቱ፣ ጎማው፣ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው)፣ የሞተሩ ጉልበት፣ ቼክሊስቱ። የመውረጃው ፍጥነትም በደቂቃ ከ1,000 ጫማ አይለፍ። ከ1,000 ጫማ እስከ መሬት አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

«የመውረጃው ፍጥነት የትም አገር አንድ ነው» የሚልም አለ። እዚህ ላይ ኮምቦልቻን ልብ በሉ። ኤርፖርቱ ከባሕር ጠለል በላይ 6,100 ጫማ ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው 120 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት) ሲል አውሮፕላኑ በእውነት ከ130 በላይ ይበራል። ባሕር ዳርቻ ላይ በደቂቃ 640 ጫማ ገደማ የሚወርድበት የተለመደው የ3 ዲግሪ ቁልቁለት እዚህ ወደ 700 ይጠይቃል። ይህን ያላሰበ አብራሪ ከፍ ብሎ ይመጣና መጨረሻ ላይ ቁልቁል ይጣደፋል።

«ቶሎ ዝቅ ብሎ ሜዳውን በዓይን መፈለግ ይሻላል» የሚሉም አሉ። በተራራ መሀል ዝቅ ብሎ መንከራተት ነው። ባንድ ወጥ ቁልቁለት መውረድ ይበልጣል።

«የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው፣ ረዳቱ ዝም ይበል።» ግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. ሕንድ ማንጋሎር ላይ ከፍ ብሎና ፈጥኖ የመጣ አውሮፕላን ነበር። ረዳት አብራሪው ሦስት ጊዜ «ጎ አራውንድ» አለ። ካፒቴኑ ቀጠለ። አውሮፕላኑ ኮረብታ ላይ ከተሠራው ሜዳ አልፎ ገደል ገባ፤ 158 ሰው ሞተ።

የእኛው አውሮፕላን ዞሮ መጣ። በዚህኛው ዙር ሞተሩ ድምፁን እንኳ አልቀያየረም፤ አንድ ዓይነት እያሰማ ቀጥ ብሎ ወረደ። እናትየው ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱና ወደ መውጫው በር ተራመዱ።