የመሲሑ ቅድመ ህልውና ምንድን ነው?

መሲሑ ከመወለዱ በፊት ነበረ ወይ? ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው «ይሄማ ምን ጥያቄ አለው?» ይል ይሆናል። ሁለቱን ልደታት ከልጅነቱ ሰምቷላ፦ ቅድመ ዓለም ያለ እናት ከአብ፣ ድኅረ ዓለም ያለ አባት ከድንግል ማርያም። የመሲሑ ቅድመ ህልውና የሚባለው ሐሳብ ግን ከዚህ ሰፋ ይላል። መሲሑ በምድር ከመታየቱ፣ እንዲያውም ዓለም ከመፈጠሩ በፊት «በሆነ መልኩ» ነበረ ማለት ነው። ጭቅጭቁ ያለው በምን መልኩ የሚለው ላይ ነው።

ከአይሁድ እንጀምር። የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት ስብስብ የሆነው ታልሙድ፣ ፔሳሒም በተባለው ክፍሉ፣ ዓለም ሳይፈጠር የተፈጠሩ ሰባት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ኦሪት፣ ንስሐ፣ ኤደን ገነት፣ ገሃነም፣ የክብር ዙፋን፣ ቤተ መቅደስ እና የመሲሑ ስም። ልብ በሉ፣ ስሙ እንጂ ራሱ አልተባለም። ጥቅሳቸው መዝሙር 72 (በግዕዙ 71) ላይ የንጉሡን ስም ከፀሐይ ጋር የሚያነሳው ቃል ነው። በሬሺት ራባ የተባለው የዘፍጥረት ማብራሪያ ደግሞ ነገሩን ያጠበዋል። ኦሪትና ዙፋኑ በእርግጥ ተፈጥረው ነበር ይላል፤ አበው፣ እስራኤል፣ ቤተ መቅደሱና የመሲሑ ስም ግን ገና በእግዚአብሔር ሐሳብ ነበሩ። ልጅ ሳይፀነስ ስም አውጥተው እንደሚጠብቁ ወላጆች ማለት ነው። ስሙ አለ፣ ልጁ ገና ነው።

አይሁድ ሁሉ ግን እዚህ ላይ አልቆሙም። ለዚህ ዋናው ምስክር ያለው እኛው ብራና ላይ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ «ምሳሌዎች» የሚባለው ክፍል፣ ከግዕዝ ውጭ የለም። ምዕራፍ 48 ፀሐይና ከዋክብት ሳይፈጠሩ «የሰው ልጅ» የሚል ማዕረግ ያለው የአንዱ ስም በመናፍስት ጌታ፣ በእግዚአብሔር፣ ፊት ተጠራ ይላል። እስከዚህ ታልሙድን ይመስላል። ጥቂት ወረድ ብሎ ግን ይህ የሰው ልጅ ዓለም ሳይፈጠር እንደተመረጠና በአምላክ ፊት እንደተሰወረ ይነግረናል። የሚሰወር ደግሞ ያለ ነው፤ የሌለ ነገር አይደበቅም። እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ስለ መሲሑ ይናገራል።

በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻዎች፣ የሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙ ይህ ክፍል አብሮ አልተገኘም። ስለዚህ «ኋላ ክርስቲያኖች የጨመሩት ነው» ያሉ ነበሩ። እኔን አያሳምነኝም። ምዕራፍ 71 ላይ ወደ ሰማይ የወጣው ሄኖክ ራሱ «የሰው ልጅ አንተ ነህ» ይባላል። ይህን ማዕረግ ከኢየሱስ ወስዶ ለሄኖክ የሚሰጥ ክርስቲያን ከየት ይመጣል? ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎችም የአይሁድ ጽሑፍ ነው ይላሉ። መጽሐፈ ዕዝራ ሱቱኤልም ሄኖክን ብቻውን አልተወውም፤ በራእይ ከባሕር ሲወጣ የታየውን ሰው ልዑል እግዚአብሔር ለብዙ ዘመን ጠብቆ አቆይቶታል ይላል።

ሐዲስ ኪዳን ሲመጣ ነገሩ ከዚህም ያልፋል። ኢየሱስ «አብርሃም ሳይወለድ እኔ አለሁ» ሲል የሰሙት ድንጋይ አነሱበት። የዮሐንስ ወንጌል መግቢያ ደግሞ ሁሉ በእርሱ ሆነ ይላል። ቀድመው ከተፈጠሩት ሰባቱ ነገሮች አንዱ አይደለም፤ ከፈጣሪው ወገን ነው። ትልቁ ዝላይ ይሄ ይመስለኛል።

አይሁዱም ዝላዩን አይተውታል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ትሪፎን ከተባለ አይሁዳዊ ጋር የተደረገ ክርክር ጽፏል። ትሪፎን እዚያ ላይ፣ ክርስቶስ ከዘመናት በፊት አምላክ ሆኖ ነበር፣ ኋላም ሰው ሆኖ ተወለደ መባሉን ሞኝነት ይለዋል። እኛ የምንጠብቀው ከሰው የሚወለድ ሰው ነው ባይ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የአይሁድ ሊቅ ማይሞኒደስም መሲሑን ከዳዊት ቤት የሚነሣ፣ ተአምር እንኳ ማድረግ የማይጠበቅበት ንጉሥ አድርጎ አስቀምጦታል።

በክርስቲያኑ በኩልም «ነበረ» ማለት ብቻ ነገሩን አልጨረሰውም። ብዙ ሰው አርዮስ ቅድመ ህልውናን የካደ ይመስለዋል። አልካደም። ወልድ ከዓለም በፊት ነበረ ይላል፤ ችግሩ «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» ብሎ ከፍጡራን ቀዳሚው ማድረጉ ነው። በኒቅያ ጉባኤ ላይ በ325 እ.ኤ.አ. የተወገዘው በዚህ ነው። እኛ በጸሎተ ሃይማኖት «ዓለም ሳይፈጠር ከእርሱ ጋር የነበረ» ስንል አርዮስ ዓረፍተ ነገሩን በራሱ መንገድ ፈትቶ አብሮን ሊደግመው ይችል ነበር። «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የሚለው ላይ ስንደርስ ነው ከእኛ የሚለየው።