ነፍሳት እንዴት ይጠናሉ?

ነፍሳትን የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ኢንቶሞሎጂ ይባላል። ሰፊ ዘርፍ ነው። እስካሁን ሳይንሳዊ ስም የወጣላቸው የነፍሳት ዝርያዎች ብቻ አንድ ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። ስድስት እግር ያላቸውና አካላቸው በሦስት የተከፈለ ናቸው። ሸረሪትና ጊንጥ ስምንት እግር ስላላቸው እዚህ አይገቡም።

ሥራው የሚጀምረው ከመያዝ ነው። መረብ አለ፤ ግን ብዙ ጊዜ ነፍሳቱ ራሳቸው መጥተው እንዲገቡ ይደረጋል። ሌሊት ለሚበሩት መብራት ይበራል። በእግር ለሚሄዱት ደግሞ ኩባያ አፉ ከመሬት እኩል ሆኖ ይቀበራል፤ ጥንዚዛው ሲያልፍ ዘጭ ይላል። የተያዘው በመርፌ ተወግቶ ይደርቅና ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ይደረግለታል፦ የት ተያዘ፣ መቼ፣ በማን። ያቺ ወረቀት ከጠፋች ናሙናው እምብዛም አይረባም። በመልክ የሚያሳስቱትን ለመለየት አሁን ዲኤንኤ አለ።

ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ ፍጥረት ምን ይሠራል?

ብዙ ነፍሳት አካባቢያቸውን የሚያውቁት በጠረን ነው፤ የሚያሸቱት ደግሞ በአንቴናቸው። ተመራማሪዎች የአንዲት የእሳት እራት አንቴና ቆርጠው በሁለት ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች መካከል ያስቀምጡታል። ከዚያ የአንድ ተክል ጠረን በውስጡ ያሉት ኬሚካሎች ተነጣጥለው ተራ በተራ ይነፉበታል። አብዛኞቹ ሲያልፉ ምንም የለም። ድንገት በአንዱ ላይ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዘለል ይላል። እራቷ ያንን ጠረን ታውቀዋለች ማለት ነው። ትውደደው ትጥላው ግን አንቴናው አይናገርም። ለዚያ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው የመስታወት ቱቦ አለ፤ በአንዱ ጠረኑ፣ በሌላው ንጹሕ አየር ይገባል። እራቷ ትመርጣለች።

ከዚህ ዓይነት ጥናት ከተገኙት ውስጥ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ የኬንያው ነው። ኢሲፔ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ኢኮሎጂ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1970 ናይሮቢ ላይ ተቋቋመ። መሥራቹ ኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የማዕከሉ ተመራማሪዎች ከእንግሊዙ ሮታምስቴድ የምርምር ተቋም ጋር ሆነው አገዳ ቆርቁርን ማጥናት ያዙ። የዚህ ነፍሳት ትል የበቆሎና የማሽላ አገዳ ውስጥ ስለሚደበቅ የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ ትሉን ትተው እናቱን፣ እንቁላል የምትጥለውን የእሳት እራት፣ ለማታለል ተነሡ።

በበቆሎው መሐል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ እራቷን ያርቃል ተብሎ ነው። በማሳው ዳርቻ የዝሆን ሳር ይተከላል፤ እሱ ይስባታል፤ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ትሉ ተፈልፍሎ ሳሩን ሲቦረቡር ሳሩ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል። አብዛኛው ትል እዚያው ያልቃል። ዘዴው ‘ፑሽ ፑል’ (መግፋትና መሳብ) ይባላል።

ያልተጠበቀው ትርፍ የሰብልን ሥር በሚመጠው አረም፣ በአቀንጭራ ላይ ታየ። የዴስሞዲየም ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሶ ያበቅለዋል፤ የበቀለው ግን በበቆሎው ሥር ላይ እንዳይጣበቅ ያግደዋል። ስለዚህ ይሞታል። ዴስሞዲየሙም የዝሆን ሳሩም ታጭደው ለከብት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም በእንዲህ ዓይነት ማሳ ላይ ጉዳቱ እንደሚቀንስ በምሥራቅ አፍሪካ ታይቷል። ማነቆው የዴስሞዲየም ዘር እንደልብ አለመገኘቱ ነው።

የገንዲ በሽታን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ጥናት ሌላ መንገድ ተከተለ። ይቺ ዝንብ እንቁላል አትጥልም። አንዲት እጭ በሆዷ ይዛ፣ ወተት በሚመስል ፈሳሽ መግባ፣ አሳድጋ ትወልዳለች። ከወንድ ጋር የምትገናኘውም ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። ታዲያ ያ አንዱ ወንድ መካን ቢሆንስ? በጨረር የመከኑ ወንዶች በብዛት ተለቀቁና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት ዝንቡ ጠፋ። ደሴት መሆኗ በእርግጥ ረድቷታል፤ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዝንብ የለም። ለኢትዮጵያ ደቡብ ስምጥ ሸለቆም ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማራቢያ ተቋቁሟል።

ሁሉም ጥናት ግን ለማጥፋት አይደለም። ከዓለም ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ በከፊል የአበባ ዱቄት የሚያዳርሱ እንስሳት ያስፈልጓቸዋል፤ በተለይም ነፍሳት። ይህ የሚለካበት ዘዴ ቀላል ነው። አንዱ አበባ በስስ ጨርቅ ከረጢት ይሸፈናል፣ ጎረቤቱ ክፍት ይተዋል፣ በኋላ ፍሬ ይቆጠራል። ኑግ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በራሱ ዱቄት በደንብ ስለማያፈራ ያለ ንብ አይሆንለትም።

ኑግ ሌላም ቦታ ፈተና ሆኖ ቀርቧል። ፓርቲኒየም የተባለውን መጤ አረም የምትበላ ዚጎግራማ የምትባል የሜክሲኮ ጥንዚዛ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ መጀመሪያ አምቦ ላይ ተዘግቶባት ነው የተጠናችው። ኑግና ፓርቲኒየም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። አረሙን ስትጨርስ ወደ ኑጉ ብትዞርስ? ጤፍን ጨምሮ ሌሎች ሰብሎችም ቀረቡላት። ሜዳ ላይ የተለቀቀችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሷ የምትበላው ቅጠሉን ነው፤ ግንዱን የሚቦረቡር ሌላ ነፍሳትም አብሯት መጥቷል።