ሰረገላውን ያስቆመው ጃንደረባ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

የስፖርት መኪና መውደድ ኃጢአት ነው ብዬ አላስተምርም። እኔም ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር ማዝዳ ሚያታ አለችኝ። ሠሪዎቿ ሲነድፏት ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል እስኪመስሉ መስማማታቸውን አስበው ነው። መሪዋን ስይዝ ይህ ይገባኛል፤ ለሰው እጅ ይህን ጥበብ የሰጠውን አምላክም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ እኛ ቤት አምስት ነን።

በዘዳግም 17 ንጉሡ ፈረስ እንዳያበዛ፣ ሚስትም እንዳያበዛ ታዟል። ትእዛዛቱ ተከታትለው መምጣታቸውን ልብ በሉ፤ ፈረሱም ቤቱም የሚሻሙት አንድ ልብን ነውና። ሰሎሞን ሁለቱንም ተላለፈ። 1400 ሰረገሎች ሰበሰበ፤ ከግብፅ የሚመጣው አንድ ሰረገላ 600 ሰቅል ብር፣ አንድ ፈረስ 150 ሰቅል ይፈጅ እንደነበር በ1ኛ ነገሥት 10 ተጽፏል። የዚያ ኃያል ንጉሥ ወጪ እንኳ እስከ ዋጋው ድረስ በግልጽ ይነበባል።

እኔ ግን ደብቄአለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አራት ጎማና ሞላ አስለውጬ ለባለቤቴ የነገርኋት የዋጋውን ግማሽ ነበር። ልብሴን ልታጥብ ስትል ደረሰኙን ከኪሴ አገኘችው። አልጮኸችም። «ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር» አለችኝ። ያን ሌሊት ለጸሎት ጎን ለጎን ስንቆም «አባታችን ሆይ» ማለት አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማነበው የሐዋርያት ሥራ 8ን ነው። የሀገራችን ሰው፣ በንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነው ጃንደረባ፣ በሰረገላ ይጓዝ ነበር። ሰረገላ ስላለው አልተነቀፈም። ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል፤ በእግሩ ሮጦ የደረሰበትን ፊልጶስን ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ይለምነዋል፤ ውኃ ባዩ ጊዜም ሰረገላው እንዲቆም ያዝዛል። እኛ መኪና ወዳድ ባሎች ከእርሱ የምንማረው ይህንኑ ነው፦ ለሌላው ቦታ መልቀቅንና በጊዜው መቆምን።

አሁን ከጎኔ ያለው ወንበር ተራ አለው፤ አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ፣ በሌላው ትልልቆቹ ልጆቼ እየተፈራረቁ ይቀመጡበታል። እዚህ ቨርጂኒያ በተራራው ጫፍ 105 ማይል የሚዘልቀው ስካይላይን ድራይቭ ላይ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። በዚያ ፍጥነት ጣሪያው ተከፍቶም ሰው ይደማመጣል። ታላቋ ልጄ በትምህርት ቤት የደረሰባትን ኀዘን የነገረችኝ እዚያ ነው፤ መንገድ ዳር አቁሜ እስክትጨርስ ሰማኋት።

ወጪውንም ከመግዛቴ በፊት ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን እናየዋለን። ባለፈው ቸርኬ ልቀይር ብዬ ሳማክራት «የልጁ የጥርስ ሕክምና ይቅደም» አለችኝ። አሮጌው ቸርኬ እንዳለ ነው።