መኪና መለገስ ምንድን ነው? ያውም ያረጀ ሬንጅ ሮቨር

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ የ2011 ሬንጅ ሮቨር ነበረው። ሌሊት የአየር ሰስፔንሽኑ፣ መኪናውን በአየር ከፍ አድርጎ የሚይዘው ክፍል፣ ይተነፍስና ጠዋት ሲወጣ መኪናው ሆዱን አስፋልት አስነክቶ ተኝቶ ያገኘዋል። መካኒኩ ለጥገና የጠራው ዋጋ ደግሞ መኪናው ራሱ ተሸጦ ከሚያወጣው ብዙም አይርቅም። ሲመረው "ለበጎ አድራጎት እሰጠዋለሁ፤ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ከታክስ ላይ አስቀንሳለሁ" አለ። ዘጠኝ ሺውን ያመጣው ኢንተርኔት ላይ ካየው የገበያ ዋጋ ነው። በኋላ በፖስታ የመጣለት ወረቀት ላይ ግን 2,100 ይላል።

ማንም አላጭበረበረውም። አሜሪካ ውስጥ መኪና መለገስ ማለት እንዲህ ነው።

ለበጎ አድራጎት ድርጅት ትደውላላችሁ። ጎታች መኪና በነፃ ይመጣል። ታይትሉን፣ በእኛ ቋንቋ ሊብሬውን፣ ፈርማችሁ ትሰጣላችሁ። መኪናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ ግቢ አይደርስም፤ በቀጥታ ወደ ጨረታ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ ኩባንያ አለ፤ የመጎተቻውንና የራሱን ድርሻ ቆርጦ የተረፈውን ለድርጅቱ ይልካል። ድርጅቱ የሚያየው ቼክ ነው እንጂ መኪና አይደለም።

ድሮ ሰው የመኪናውን የገበያ ዋጋ ከዋጋ ዝርዝር ላይ አይቶ ይጽፍና ከታክስ ያስቀንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የኮንግረስ ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 54 የተለገሱ መኪኖችን አንድ በአንድ ሲያይ፣ ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ ድርጅቶቹ እጅ የገባው ለጋሹ ካስመዘገበው ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ኮንግረስ በዓመቱ ሕጉን ቀየረው። ከ2005 ጀምሮ ከ500 ዶላር በላይ ማስቀነስ የሚፈልግ ሰው፣ ልኩ መኪናው የተሸጠበት ዋጋ ነው። ከ500 በታች ከተሸጠ ደግሞ እስከ 500 ዶላር ማስቀነስ ይቻላል፤ መኪናው በእርግጥ ያን ያህል የሚያወጣ ከሆነ።

ይህ ሕግ ቅንጡ መኪና ላይ ይጠነክራል። አዲስ አበባ ላይ ቪ8 ሲመጣ መንገድ ይለቀቅለታል። ጨረታ ሜዳ ላይ ግን ቪ8 ማለት ነዳጅ የሚጠጣ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ሦስት መብራት የሚያበራ፣ መለዋወጫው የሚያስለቅስ ብረት ነው። የሚሸጠውም እንዳለ ነው። ተጫራቹ የጥገናውን ሒሳብ በጭንቅላቱ ቀንሶ ነው እጁን የሚያወጣው።

ከዚህ የሚያመልጡ መንገዶች አሉ። ድርጅቱ መኪናውን ሳይሸጥ ራሱ በደንብ ከተጠቀመበት፣ ለምሳሌ ለአቅመ ደካሞች በየቀኑ ምግብ ካደረሰበት፣ ሙሉውን የገበያ ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል። ከባድ ጥገና አድርጎ ዋጋውን ከፍ ካደረገውም እንዲሁ። ማጠብና ቀለም መቀባት አይቆጠርም። ሌላው ድርጅቱ መኪናውን ለችግረኛ በነፃ ወይም በጣም በርካሽ ከሰጠው ነው። የምታስቀንሱት ከ5,000 ካለፈ ግን የባለሙያ የጽሑፍ ግምት ያስፈልጋል። ድርጅቱ የሚልክላችሁ ፎርም 1098-ሲ ይባላል፤ መኪናው ከተሸጠ በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የተሸጠበት ዋጋ ያለው ሳጥን 4ሲ ላይ ነው። መጀመሪያ እሱን እዩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። 2,100 ዶላር አስቀነስኩ ማለት 2,100 ተመለሰልኝ ማለት አይደለም። ግብር የሚከፈልበት ገቢያችሁ በዚያ ያህል ያንሳል ማለት ነው። የ22 በመቶ የግብር እርከን ላይ ያለ ሰው 462 ዶላር ይተርፈዋል። እሱም አይተማይዝ ካደረገ፣ ማለትም ተቀናሽ ወጪዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ካስቀነሰ ነው። ያን የማያደርግ ሰው ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውን ለሁሉም የተወሰነ ተቀናሽ ይወስዳል፤ መዘርዘር የሚያዋጣው ድምሩ ከዚያ ሲበልጥ ነው። ለ2025 ለባልና ሚስት ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ 31,500 ዶላር ነበር። ወዳጄና ባለቤቱ ኪራይ ቤት ነው የሚኖሩት፤ የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ወለድ የለ፣ የቤት ግብር የለ። 31,500ን የሚያልፍ ወጪ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከሬንጅ ሮቨሩ ያተረፈው ሳንቲም የለም። ከ2026 ጀምሮ አይተማይዝ ለማያደርግ ሰው የተፈቀደው አዲሱ ቅናሽም ለጥሬ ገንዘብ ስጦታ ነው፤ መኪና አይገባበትም።

"ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠውስ?" የሚል ሁሌም አለ። ይቻላል። አሜሪካ ያለች ቤተ ክርስቲያን አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ስሟ ባይወጣም እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት ትቆጠራለች። አረጋውያንን ከየቤታቸው እያመላለሰች ዓመቱን ሙሉ የምትጠቀምበት ከሆነ እንዲያውም ከሁሉም የተሻለ ነው። ለአጎት ልጅ መስጠት ግን ደግነት ነው እንጂ ከታክስ አይቀነስም። አገር ቤት ላለ ድርጅት በቀጥታ መላክም እንዲሁ። ለነገሩ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ ያ በር ተዘግቷል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መኪናው የሚነዳ ከሆነ ራሳችሁ ሽጡትና ብሩን ስጡ። ድርጅቱ ሙሉውን ያገኛል፣ መሃል ላይ የሚቆርጥ የለም። እንደ ወዳጄ ሆዱ ምድር የነካ ከሆነ ግን ይሂድ፤ ታክሱን እርሱት። ታይትሉ ላይ የተቀባዩን ስም ባዶ አትተዉ፤ መኪናው ነገ ቢቀጣ ወይም ቢጋጭ ደብዳቤው የሚመጣው ለእናንተ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ታርጋውን ፈታችሁ ሳትመልሱ ኢንሹራንሱን አታቋርጡ፤ ቅጣት አለው።

ወዳጄ አሁን ኮሮላ ነው የሚነዳው። ጠዋት ጠዋት ግን በሩን ከመክፈቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያያል።