ፈረስ እንደ ላም አይግጥም፦ የፈረስ ግጦሽ፣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ዙሪያ ፈረስና ከብት በአንድ መስክ ይውላሉ፤ መስኩም የሚያዘው በከብት ልክ ነው። ፈረሱ የሚጎዳው በዚህ ነው።

«ለላም የሚበቃ መስክ ለፈረስም ይበቃል»

ላም ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትበጥሳለች፤ የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም። ፈረስ ከላይም ከታችም ስላለው መሬት ድረስ ይላጨዋል። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ ስለሚያቆጠቁጥ ይችለዋል፤ ቀጥ ብለው የሚያድጉት ሣሮች ግን ሥራቸው ይደክምና ቦታውን አረም ይወርሰዋል። መስኩን ሦስት አራት ቦታ ክፈሉት። ሣሩ ስንዝር ሲሞላ ፈረሱ ይግባ፣ አራት ጣት ሲቀር ይውጣ። የተጋጠው ክፍል በክረምት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይረፍ። ዋልካ መሬት ውኃ ሲያቁር ደግሞ ጨርሶ አታስገቡት፤ ሰኮናው ሣሩን ከነሥሩ ጭቃ ውስጥ ይቀብረዋል።

«ፋንድያ ማዳበሪያ ስለሆነ መስኩ ላይ ይተው»

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው። የትል እንቁላል ከፋንድያ ጋር ይወጣል፤ በክረምት እርጥበት ይፈለፈልና እጩ (ከእንቁላሉ የወጣው ትንሽ ትል) ሣሩ ላይ ይወጣል፣ ፈረሱም ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ፈረስ በፋንድያ ዙሪያ የበቀለውን ሣር ስለማይነካ የመስኩ ከፊል ያረጃል፣ የቀረው ይራቆታል። እጩ ሣሩ ላይ ሳይደርስ በሳምንት 2 ጊዜ አንሱት። ከምራችሁ ሸፍኑት፣ እያገላበጣችሁም አብስሉት፤ የክምሩ ሙቀት እንቁላሉንም እጩንም ይገድላል። ከዚያ ለእርሻ ይሁን። አቅም ያነሰው ሰው ሌላውን ትቶ ይህን ያስቀድም።

«ከከብት ጋር መሰማራት ትል ያጋባል»

አብዛኛው የፈረስ ትል ከብት ሆድ ውስጥ አያድግም። ላም እጩን ውጣ ታጠፋዋለች፣ ፈረሱ የተጸየፈውንም ሣር ትበላለታለች። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከአህያ ጋር ሲሆን ነው፦ አህያ የሳንባ ትል ይዞ ሳይስል ይኖራል፣ ፈረሱ ግን ይታመማል። እንደ ደምቢያ ባለ ረግረጋማ ሜዳ የጉበት ትል ከብትንም ፈረስንም ይይዛል።

«ክረምት ሲገባ በአንዴ ይጥገብ»

በድርቆሽና በጭድ የከረመ ፈረስ ድንገት ለምለም ሣር ሲያገኝ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሰኮናውም ውስጡ ሊቆጣ ይችላል። ሰኮናው ከሞቀና ፈረሱ ወደ ኋላ እየተደገፈ ከቆመ ወዲያውኑ ከመስኩ አውጥታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። መጀመሪያ ድርቆሽ አብሉት፤ ከግማሽ ሰዓት ጀምራችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ አስረዝሙት።

«የጋሪ ፈረስ ማታ መንገድ ዳር ከጋጠ ይበቃዋል»

250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። የለምለም ሣር አራት አምስተኛው ውኃ ስለሆነ ይህ 25 ኪሎ ሣር ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ግጦሽ አይሞላም፤ የጎደለውን ድርቆሽ ይሙላው፣ እሱም ሣሩ አበባ ሲይዝ የታጨደ ይሁን።